ያልተላከው ገጽ

«የሰማኸውን ጻፍ፣ ያየኸውን ጻፍ፣
ያሰብከውን ግን ያዝ» አልከኝ፣ ስንሰናበት ከመዝገብ ቤቱ ደጃፍ፣
አንተ ሽማግሌው ኔፌድ፣ ቀይ ቀለምን የምትወድ፣
አርባ ዓመት ከሰው ደብዳቤ አጥንቱን ነቅሰህ ሥጋውን የምትሰድ።

ከሞስኮ እስከ ቬኔዝያ አምስት ወር ከሰባት ቀን፤
ሁለት ፈረስ ሞተብን፣ አንድ ዲያቆን፤
ለስጦታ የያዝነው የፀጉር ቆዳ በዝናብ በስብሶ
ደረስን። ከተማው ባሕር ውስጥ ቆሟል፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ።

መስፍናቸው አርጅቶ በዚያው ሰሞን ሞቶ ነበርና
ምርጫ ላይ ደረስኩ። ልድገመው እንደገና፤
ምርጫ ነው ያልኩህ፣ ኔፌድ፣ ውርስ አላልኩም፤
(ቃሉን በእኛ ቋንቋ ሳሰፍር ሦስቴ ፈራሁ፣ ሦስቴ ሰረዝኩም።)

ዕጣውን የሚያወጣው ማን ይመስልሃል፣ ኔፌድ?
ጳጳስ አይደል፣ የጦር አለቃ አይደል፤ ከመንገድ
ያገኙት ልጅ ነው፣ ዛኔቶ፣ ጫማው የወለቀ፣
በትንሽ እጁ ያንን ሁሉ መኳንንት ያስጨነቀ።
ኳስ ይመዛል ከከረጢት፤ አንዷ ወርቅ ቅብ፣ አንዷ ነጣ ያለች፤
የአንድ አገር ዘውድ በልጅ መዳፍ ስትንከባለል ዋለች።

ሳቅሁ። በልቤ። በፊታቸውማ አልስቅም፤
የመልእክተኛ ጥርስ ያለ ትእዛዝ አይታይም።

አስተርጓሚዬ ዞርዚ ግን፣ መስታወት ነጋዴው፣
«ለተመረጠው እዘንለት» አለኝ፤ «ሰውዬው
ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤ ብቻውን አይከፍትም፣
ስድስት አማካሪ ካልሰማ ለእንግዳ ቃል አይመልስም፤
ሲሞትም አይለቁት፣ ሒሳቡን ይመረምራሉ፤
ጎድሎ ከተገኘ ልጆቹ እስከ ሰባራ ሳንቲም ይከፍላሉ።»

«ታዲያ ምኑን ገዛ?» አልሁት። ነጋዴ ነውና በንግዱ ሰማኝ፤
«እሱማ ምን ገዛ! የገዛነው እኛ» አለና ሳቀብኝ።

ከዚያ ወደ ለንደን። እዚያስ ንጉሥ አለ፣ ደስ አለኝ፤
ዙፋኑን ሳይ ጉልበቴ ራሱ ሰገደ፣ ልማድ ነው የሸነገለኝ።
ግን ያረፍኩበት ቤት ጌታ፣ ቢራ ጠማቂው ኦባድያ ፔል፣
አንድ ማታ በእራት ላይ ወሬ አደረገ ጣል፤
«ንጉሡ ለመርከብ የሚሆን ብር ጠይቆን ነበር፣
‹ከማክሰኞ በኋላ እናየዋለን› አልነው» ብሎ፣ ዳቦውን ቅቤ መቀባት ጀመር።

ከማክሰኞ በኋላ! ማንኪያው ከእጄ ወደቀ፤
በሩን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፤ ማን ሰማ? ማን ተደበቀ?
ማንም አልመጣ። ወታደር አልመጣ። ድመቷ ገባች።
ሚስትዮዋ «ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለች።

የእኛ ንጉሥ ጎርፍ ነው፤ ሲመጣ ማን ያቆመዋል?
የእነሱ በቦይ የገባ ውኃ ነው፤ ወፍጮ ያዞራል።
ይህን ስል ተታለለ አትበለኝ፤ ክፉውንም አይቻለሁ፣
በድንጋይ አንበሳ አፍ ስመ ቢስ ክስ ሲያጎርሱ አይቻለሁ፤
ፔልም ባለፈው ምርጫ ስንት ድምፅ በስንት በርሜል እንደለወጠ ሰምቻለሁ።
ደጅ መጥናት እዚያም አለ፤ ደጁ በዛ እንጂ አልጠፋም።
«ያው ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብዕሬ እሺ አላለም።

ለመዝገብ ቤቱ የላክሁት አጭር ነው፣ እንደ ወጉ፤
አንተም ታውቀዋለህ፣ ንጉሥ የሚወደውን የወሬ ማዕረጉን፦
«ቬኔዝያዎች ራስ የላቸውም፣ በዕጣ ይገዛሉ፤
እንግሊዞች ንጉሣቸውን በብር ገመድ ለጉመዋል፤ ያሳዝናሉ።»
ይህን ስታነብ ቀይ ቀለምህ ያርፋል፤
ይህኛው ገጽ ግን ከካባዬ ገበር ሥር ተሰፍቶ ያድራል።

በመጨረሻዋ ቀን ባሕር ዳር አገኘሁት፣ ያንን ዛኔቶ፤
የሰጠሁትን ሳንቲም በጥርሱ ፈትኖ፣ በኪሱ ከቶ፣
«በእናንተ አገርስ» አለኝ፣ «ኳሱን ማን ነው የሚያወጣ?»
ዞርዚ ቀድሞኝ ሳቀ፤ ከእኔ ድምፅ አልወጣ።

እስካሁን፣ ኔፌድ፣ ሌሊት እጄን ከረጢት ውስጥ ከትቼ እነቃለሁ፤
ኳስ የለም።
ከረጢቱስ የማን ነው? እላለሁ።